የዴልታ ብሉዝ ጊታርና ኦርኬስትራ በአንድ ሆረር ማጀቢያ ውስጥ፦ ለምን ይጣላሉ?

ባለዋሽንቱ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄው ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የ14 ደቂቃ አጭር ሆረር ፊልም ነው፤ ታሪኩ ሚሲሲፒ ዴልታ፣ ዘመኑ 1932። ዋናው ትዕይንት 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ይፈጃል፦ ሰውዬው በረንዳ ላይ ሬዞኔተር ጊታር (ሆዱ ውስጥ ድምፅ የሚያጎላ ቆርቆሮ ያለው) በስላይድ፣ ማለትም ጣት ላይ የሚጠለቅ ቱቦ ክሩ ላይ እያንሸራተተ፣ ይጫወታል፣ ቀስ እያለ ኦርኬስትራ ይገባል፣ ከዚያ ነገሩ ወደ ፍርሃት ይዞራል። ጊታሩ የተቀዳው በእውነተኛ ተጫዋች ነው። ቅኝቱ ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ዲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ዲ። ስትሪንጎቹ (ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎና ቤዝ) ለጊዜው ከሳምፕል ላይብረሪ፣ ማለትም አስቀድሞ ከተቀዳ የድምፅ ስብስብ፣ ናቸው።

ችግሩ ይኸው፦ ጊታሩ ብቻውን ሲሰማ ግሩም ነው። ስትሪንጉም ብቻውን ግሩም ነው። ሲገናኙ ጊታሩ ቅኝቱ የወረደ ይመስላል፤ ቱነሩ (ቅኝት መለኪያው) ግን ስድስቱንም ክር አረንጓዴ፣ ማለትም ልክ፣ ያሳያል። ሁለተኛ፣ ምቱ ክሊክ (ምት የሚቆጥረው ድምፅ) ላይ አልቀመጥ ብሏል። ሦስተኛ፣ ዳይሬክተሩ "እንደ ሲነርስ አድርገው" (ፊልሙን ማለቱ ነው) ይላል፣ ሌላ ማብራሪያ የለውም። ከየት ይጀመር?

ቆርቆሮ ጊታር

ቱነር የሚነግርህ የባዶውን ክር ነገር ብቻ ነው። በስላይድ ሲጫወቱ ፍሬቱ (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) አያግዝም፤ ድምፁን የሚወስነው ጣት ላይ ያለው ቱቦ የቆመበት ቦታ ነው። የክሩ ርዝመት 25 ኢንች በሆነ ጊታር 12ኛው ፍሬት አካባቢ ቱቦው 1 ሚሊ ሜትር ቢስት ድምፁ 5 ሴንት ተኩል ያህል ይንሸራተታል (100 ሴንት አንድ ግማሽ ድምፅ ነው)። ቱቦው መቆም ያለበት ልክ ከፍሬቱ ብረት በላይ ነው፤ እንደ ጣት በሁለት ፍሬት መሐል ካቆሙት ዝቅ ይላል። ተጫዋቹ ከላይ በሰያፍ ስለሚያይ 2 ሚሊ ሜትር መሳት ቀላል ነው። ይኼ ግን ቢበዛ 11 ሴንት ነው፣ አንተ የምትሰማው ጠብ ከዚህ ይበልጣል።

ዋናው ምክንያት ሦስተኛዋ ድምፅ ናት፤ በአንተ ዲ ላይ ማይነሯ ኤፍ፣ ሜጀሯ ኤፍ ሻርፕ። ብሉዝ ውስጥ ሦስተኛዋ ቋሚ ቤት የላትም። በፒያኖ አቀናን ማይነሯ 300 ሴንት፣ ሜጀሯ 400 ላይ ትቀመጣለች። የዴልታ ስላይድ ግን በሁለቱ መሐል ይመላለሳል፤ ከማይነሯ በላይ ተነሥቶ ወደ ሜጀሯ ሲጎተት ብዙ ጊዜ 350 አካባቢ ይውላል። የአንተ ስትሪንጎች ኤፍ ሻርፕን 400 ላይ ቆልፈው ይዘዋል። የ50 ሴንት ልዩነት ሩብ ድምፅ ነው። ጆሮ ደግሞ ለብዙኃኑ ያደላል፤ 40 ቫዮሊን ከአንድ ጊታር ጋር ሲጣላ ጥፋተኛ የሚባለው ጊታሩ ነው። ጥፋተኛው ግን ቫዮሊኑ ነው።

እንዲህ አድርግ፦

ከስትሪንጎቹ ውስጥ ኤፍንም ኤፍ ሻርፕንም ሙሉ በሙሉ አውጣ። ዲ እና ኤ ብቻ ይያዙ። ሦስተኛዋ የጊታሩና የዘፋኙ ንብረት ትሁን።

ሰባተኛዋን (ሲ) ከፈለግካት ዝቅ አድርጋት። የፒያኖዋ ሲ ከዲ ተነሥታ 1000 ሴንት ናት፤ የተፈጥሮዋ፣ ማለትም ከክሩ 7ኛ ሃርሞኒክ (ክሩ ከዋናው ድምፅ በላይ አብሮ ከሚያሰማቸው ቀጫጭን ድምፆች አንዱ) የምትወጣዋ፣ 969 ናት። 31 ሴንት ማውረድ አለብህ። የፒች ቤንድ (ኖታን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው መቆጣጠሪያ) ክልልህ ሁለት ግማሽ ድምፅ ከሆነ ቁጥሩ ከዜሮ በታች 1270 አካባቢ ይሆናል። ሲ ለብቻዋ ትራክ ይኑራት፣ አለዚያ ቤንዱ ሌላውንም ኖታ ይዞ ይወርዳል።

ቪብራቶ ያለበትን ሳምፕል አታስገባ። የስላይዱ እጅ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ሁለት ዓይነት መንቀጥቀጥ ሲደራረብ ነገሩ ሰርግ ቤት ይመስላል።

አንድ ነገር ደግሞ ተጫዋቹን ጠይቀው፦ 3ኛውን ክር በጆሮ አስተካክሎት ይሆን? ብዙዎቹ ኤፍ ሻርፑን ከቱነሩ 14 ሴንት ያህል ዝቅ ያደርጉታል፤ የተፈጥሮዋ ሜጀር ሦስተኛ 386 ስለሆነች ኮርዱ ያኔ ይጠራል። ቱነሩ አረንጓዴ አሳይቶ ከሆነ ይህን አላደረገም ማለት ነው፤ አድርጎ ከሆነም ትክክል ነው፣ አትንካው።

ባለዋሽንቱ

ሦስተኛዋን አወጣኋት፣ ግማሹ ችግር እዚያው ጠፋ። ሲ 31 ሴንት ስትወርድ ደግሞ ጊታሩ ውስጥ ገብታ ጠፋች፤ ኦርኬስትራ መኖሩ የሚታወቀው ሲቆም ነው። አመሰግናለሁ ጋሼ። ምቱስ?

የሚክስ ጓዳ

ክሊኩን ለጊታሩ እንጂ ጊታሩን ለክሊኩ አታስተካክል። ብቻቸውን ይጫወቱ የነበሩ የዴልታ ሰዎች 12 ባሩን (የብሉዝን የተለመደ ዙር፤ አንድ ባር ብዙ ጊዜ አራት ምት ነው) እንደ ሕግ አይቆጥሩትም። ግጥሙ ሲያልቅ ኮርዱ ይቀየራል፤ አንዱ ዙር 11 ተኩል ባር፣ ቀጣዩ 13 ሊሆን ይችላል። ይህን በኳንታይዝ (ምቱን ወደ ክሊኩ በሚጎትተው መሣሪያ) ካስተካከልከው የገዛኸው ጊታር ቀርቶ የስልክ ጥሪ ይሆናል።

አሠራሩ ይህ ነው። ጊታሩን ሙሉውን ስማና እያንዳንዱን የባር መጀመሪያ በእግርህ ሳይሆን በተጫዋቹ አውራ ጣት ለይ፤ ወፍራሙን ክር የሚመታው አውራ ጣት ነው ቆጣሪው። በመቅጃ ፕሮግራምህ፣ በፕሮ ቱልስ አይደንቲፋይ ቢት፣ በሎጂክ ስማርት ቴምፖ፣ በሌላውም ተመሳሳይ መሣሪያ እያንዳንዱን ባር በቦታው ቸንክር። የተንጠለጠለች ግማሽ ባር ስታገኝ 2/4 ብለህ ጻፋት፤ ወደ 4/4 አትለጥጣት። አሁን ሳምፕሉ የጊታሩን መንገድ ይከተላል። እውነተኛ የስትሪንግ ተጫዋቾች ስትቀዳም ከዚሁ ካርታ የወጣ ክሊክ በጆሯቸው ይሰማሉ፣ ግን ከክሊኩ ጋር ጊታሩንም አሰማቸው። ክሊክ ብቻ ከሰሙ ልክ ይመጣሉ፣ ልክ መምጣታቸው ነው ችግሩ።

ከምስሉ ጋር ማገናኘት ሌላ ነገር ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም (ምስል) ለሚሄድ ፊልም 1440ን ለቴምፖው (በደቂቃ ላለው የምት ቁጥር) ብታካፍል አንድ ምት ስንት ፍሬም እንደሚፈጅ ታገኛለህ፦ 72 ቢሆን 20 ፍሬም፣ 90 ቢሆን 16፣ 96 ቢሆን 15። ኦርኬስትራው የሚገባበት ቅጽበት (በሩ የሚከፈትበት በለው) ከጊታሩ ምት ጋር 3 ወይም 4 ፍሬም ቢራራቅ ሙዚቃውን አትግፋ፤ ኤዲተሩ ምስሉን እንዲገፋ ለምነው። ካልሆነ ከበሩ በፊት ያለውን የዝምታ ቦታ ቁረጥ ወይም አስረዝም፣ የሚጮኸውን ክፍል አትንካ።

አደራ፣ የፍሬም ቁጥሩን ከኤዲተሩ ጠይቀህ እወቅ። ምስሉ በ23.976 ሆኖ የአንተ ፕሮጀክት በ24 ከተከፈተ የታይም ኮዱ (የፊልሙ ሰዓት) ቁጥር በ14 ደቂቃ ውስጥ ወደ 20 ፍሬም ይራራቃል። መጀመሪያ ላይ ስለማይታይ ሰው የሚያየው መጨረሻው ላይ፣ ሚክሱ ካለቀ በኋላ ነው። ድምፁ 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት ይሁን።

የትዝታ ልጅ

ለምን ትደክማላችሁ፣ ብሉዝ እኮ ትዝታ ነው። ስትሪንጎቹን በትዝታ ቅኝት አስጩኸቸው፣ በቃ።

ባቲ ማይነር

@የትዝታ ልጅ ይህ አባባል ብዙ ቦታ ይደጋገማል፣ ግን ኖታው አይደግፈውም። ትዝታ ሜጀር ከሲ ተነሥቶ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ማይነሩ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። የብሉዝ መሠረት ደግሞ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት ነው። ይህ ከእኛ ቅኝት ማይነሩ ባቲ ነው። ስሜ የሚያደላ ቢመስልም ቁጥሩን ራስህ ቁጠር። እሱም ቢሆን ኖታው ተመሳሰለ እንጂ ብሉዝ ላይ ሦስተኛዋ ትንሸራተታለች፤ ያቺ መንሸራተት ናት ብሉዝ የሚያሰኘው።

አንዱ ደግሞ መጥቶ "አንቺሆዬ ያስፈራል፣ ሲና ጂ ፍላት አለበት" ማለቱ አይቀርም። አለበት። ግን 1932 ሚሲሲፒ በረንዳ ላይ አንቺሆዬ ምን ይሠራል?

የትዝታ ልጅ

እሺ ተሸነፍኩ። ግን አንድ ክር ያለው ጊታራቸውስ? እሱ ማሲንቆ አይደለም?

ባቲ ማይነር

ዲድሊ ቦው ነው የምትለው። ግድግዳ ወይም ሳንቃ ላይ የተወጠረ አንድ ሽቦ ነው፣ ሥሩ ጠርሙስ ወይም ጣሳ ይደረጋል። በደጋን አይታሽም፤ በጣት እየተመታ በሌላ ጠርሙስ ወይም ቢላ ይንሸራተትበታል። ማሲንቆ የሚያለቅሰው በደጋኑ ነው። የክራቸው ቁጥር አንድ መሆኑ ዘመድ አያደርጋቸውም።

ባለዋሽንቱ ግን ሐሳቡን አይጣለው፤ ለትዕይንቱ መክፈቻ ከጊታሩ በፊት የዲድሊ ቦው ሁለት ኖታ ቢገባ ቦታውን በአንድ ሰከንድ ይናገራል።

ሁለተኛ ቪዮላ

ስለ ስትሪንጎቹ አጻጻፍ ማንም አልተናገረም፣ ልግባበት።

ሆረር ሲባል ሁሉም ሰው ወደ ክላስተር ይሮጣል፦ ጎን ለጎን ያሉ ኖታዎችን ሁሉ ባንድ ጊዜ ማስጮህ። የዚህ አጻጻፍ ዋና ምሳሌ የሚባለው የፔንደሬትስኪ የ1960ዎቹ መባቻ ሥራ ለ52 ስትሪንግ የተጻፈ ነው፤ 24 ቫዮሊን፣ 10 ቪዮላ፣ 10 ቼሎ፣ 8 ቤዝ፣ ብዙ ቦታም እያንዳንዱ ሰው የራሱ መስመር አለው። ያ ግድግዳ የሚቆመው በሰው ብዛት ነው። በ6 ሰው ክላስተር ብትጽፍ የሚሰማው ስድስት ሰው ሲሳሳት ነው። ከአንድ ጊታር ጀርባ ስታቆመው ደግሞ ጊታሩን ይውጠዋል።

ለዚህ ትዕይንት የሚሻለው ስትሪንጉ ከጊታሩ ውስጥ እንዲወጣ ማድረግ ነው። የጊታርህ ቀጭኑ ክር ባዶውን ሲመታ ዲ ነው፣ 293.7 ኸርዝ። ቼሎ ላይ የዲ ክሩን መሐል በጣት ነካ አድርገው ሳይጫኑ ቢያሹት የሚወጣው ሃርሞኒክ ያው 293.7 ነው። ጊታሩ ይመታል፤ ሬዞኔተር ቶሎ ጮኾ ቶሎ የሚሞት መሣሪያ ስለሆነ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቼሎው ከዝምታ ይገባል። ተመልካቹ የጊታሩ ድምፅ ያልሞተ መስሎት ይቆያል። ከ4 ሰከንድ በኋላ "ይሄ ጊታር ለምን አያልቅም?" ይላል። ፍርሃቱ እዚያ ጋ ይጀምራል፣ ገና አንድም የሚያስፈራ ኖታ ሳይመታ።

ከዚያ ቼሎው ጣቱን ተጭኖ ወደ ላይ ይንሸራተት። እዚህ ላይ የተለመደ ስሕተት አለ፦ "ከዲ እስከ ኤፍ በ6 ሰከንድ ግሊሳንዶ" ብለህ ብትጽፍ ተጫዋቾች በመጀመሪያው ሰከንድ ተኩል ይደርሱና ቀሪውን ቆመው ይጠብቃሉ። የሰው እጅ እንዲህ ነው። መድኃኒቱ በየምቱ የት መድረስ እንዳለባቸው ትንንሽ ኖታ በቅንፍ መጻፍ ነው። ሁለቱን ቼሎ ደግሞ በአንድ ምት አዘግይተህ አስጀምራቸው፤ በመሐላቸው ያለው ክፍተት ራሱ ክላስተር ይሆንልሃል።

ደጋኑን ወደ ድልድዩ ማስጠጋት (ሱል ፖንቲቼሎ) የብረት ሽታ ይሰጣል፣ ለሬዞኔተሩ ቆርቆሮ ዘመድ ነው፣ ተጠቀምበት። ክሩን በደጋኑ እንጨት መምታት (ኮል ሌኞ) ግን ከጊታሩ መንጫጫት ጋር ስለሚመሳሰል ሲደራረብ አይለይም፤ ጊታሩ ዝም ያለበት ቦታ ብቻ አስቀምጠው። ተጫዋቾቹም ጥሩ ደጋናቸውን ለዚህ አይሰጡህም፤ ርካሽ ደጋን ወይም እርሳስ ይዘው እንዲመጡ አስቀድመህ ንገራቸው።

ባለዋሽንቱ

@ሁለተኛ ቪዮላ እህቴ፣ የቼሎዋ ነገር ብቻዋን ፊልሙን ትሸከማለች። በእውነተኛ ተጫዋች ለመቅዳት በጀቱ ከ6 ሰው አያልፍም። በስድስት ሰው ይቻላል?

ሁለተኛ ቪዮላ

ይቻላል። 2 ቫዮሊን፣ 1 ቪዮላ፣ 2 ቼሎ፣ 1 ቤዝ። አራት ዙር ብትቀዳ የ24 ሰው ያህል ድምፅ ይወጣል፣ ግን ካልተጠነቀቅክ 24 ሰው አይመስልም። ተመሳሳይ ሰው፣ ተመሳሳይ መሣሪያ፣ ተመሳሳይ ወንበር ላይ አራት ጊዜ ሲደራረብ ድምፁ እየተጠላለፈ ይቀጥናል። በየዙሩ ወንበር ቀያይሩ፤ ማይኩን አንዴ ቅርብ አንዴ ሩቅ አድርገው፤ አንዱን ዙር ሙሉ በሱርዲን (ድልድዩ ላይ በሚደረግ ማፈኛ) አስጫውት። አራተኛው ዙር ላይ ሁሉም ከሌሎቹ ትንሽ ዝቅ ብለው፣ 10 ሴንት ያህል፣ ይቃኙ።

ቤዙ ዝቅተኛውን ዲ ካስፈለገህ አራተኛውን ክር ከኢ ወደ ዲ ያውርደው። አንድ ሙሉ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ክሩ ይችለዋል፣ ግን ወዲያው አይረጋም፤ ጥቂት ደቂቃ ስጠውና ደግሞ ይቃኘው። ሳይረጋ ከቀዳህ በየኖታው እየወረደ ይሄዳል።

ታዛቢ

ዳይሬክተሩ "እንደ ሲነርስ" ካለ መጀመሪያ ሲነርስ ምን እንዳደረገ ይታወቅ። የራያን ኩግለር ፊልም ነው፣ ሚያዝያ 2025 ወጣ፣ ቦታው ክላርክስዴል ሚሲሲፒ፣ ዘመኑ 1932፤ መንትያ ወንድማማቾች አሮጌ የእንጨት መሰንጠቂያ ገዝተው ጁክ ጆይንት ይከፍታሉ። ጁክ ጆይንት የገጠር የመጠጥና የጭፈራ ቤት ነው፣ በእኛ ቋንቋ አዝማሪ ቤት ብትለው ከእውነቱ አትርቅም። ሙዚቃው የሉድቪግ ዮራንሰን ነው፤ ስዊድናዊው፣ ለብላክ ፓንተርና ለኦፐንሃይመር ኦስካር ያገኘው። ማጀቢያውን የሠራው በ1932 በተሠራ ዶብሮ ጊታር ዙሪያ ነው።

ዳይሬክተሮች የሚያልፉት ግን ይህን ነው፦ እዚያ ፊልም ላይ አስፈሪው ብሉዙ አይደለም። ብሉዙ ቤቱ ውስጥ ያለው መብራትና ሙቀት ነው፤ አስፈሪው ያንን ሙቀት ተርቦ ከውጭ የሚመጣው ነው። ከውጭ የሚመጡትም የራሳቸው ሙዚቃ አላቸው፤ የአየርላንድ ስሊፕ ጂግ ይዘፍናሉ፣ 9/8፣ በሦስት በሦስት የሚሽከረከር። የሁለቱ ወገን ጠብ በምት ዓይነት ይሰማል። ኦርኬስትራው እንዲሁ ደመና ሆኖ አይደረብም።

ስለዚህ ጊታሩን "አስፈሪ" ለማድረግ አትሞክር። የጊታሩን ክፍል ሞቅ ያለ፣ ሰው የሚናፍቀው አድርገው። ስትሪንጉ ያንን ሲመኝ ይሰማ።

መስቀለኛ

ዴልታና ሆረር ከተባለ የመንታ መንገዱ ታሪክ አይቀርም። ሮበርት ጆንሰን ነፍሱን ለሰይጣን ሸጦ ጊታር ተማረ የሚባለው። እሱን ብትጠቀም ሕዝቡ ወዲያው ይገባዋል።

ታዛቢ

ይገባዋል፣ ያዛጋልም። ታሪኩ አስቀድሞ የተነገረው ስለ ሌላው ጆንሰን፣ ስለ ቶሚ ጆንሰን ነው፤ የተናገረውም ለዴል የሚባለው ወንድሙ ነበር። ወደ ሮበርት የተዛወረው በኋላ ነው። ሮበርት ጆንሰን ሁለት ጊዜ ብቻ ገብቶ ቀድቷል፣ ኅዳር 1936 ሳን አንቶኒዮ፣ ሰኔ 1937 ዳላስ፣ 29 ዘፈን። ይህ ሁሉ ከፊልሙ ዘመን በኋላ ነው። 1932 ላይ ያለ ገጸ ባሕሪ በረንዳው ላይ የሮበርት ጆንሰንን ዘፈን ቢጫወት ተሳስቷል።

ለዚያ ዘመን የሚያምር ጥቁር ድምፅ ከተፈለገ ስኪፕ ጄምስ አለ፣ የቤንቶኒያ ሚሲሲፒ ሰው፣ በ1931 ግራፍተን ዊስኮንሲን ሄዶ የቀዳ። ቅኝቱ ማይነር ነበር።

ቆርቆሮ ጊታር

@ታዛቢ ልክ ነህ፣ ለባለዋሽንቱም ትርፍ አለው። አሁን ያለህ ቅኝት ላይ 3ኛውን ክር ብቻ ከኤፍ ሻርፕ ወደ ኤፍ አውርድ፤ የቤንቶኒያው ማይነር ቅኝት እጅህ ገባ። ሌላ ምንም አይነካም። ትዕይንቱን ሁለት ጊዜ አስቀዳው፦ መጀመሪያ በሜጀሩ፣ ቀጥሎ ያንኑ ዜማ በማይነሩ። በሩ ከተከፈተ በኋላ ሁለተኛውን አስገባ። ተመልካቹ ምን እንደተቀየረ አያውቅም፣ የለመደው ዜማ ግን ፊቱን አዙሯል።

ዘመኑን በተመለከተ ደግሞ፦ ናሽናል የብረት ጊታሮቹን ከ1927 ጀምሮ ሠርቷል፣ የዶፒዬራ ወንድማማቾች ዶብሮን በ1928 ጀመሩ (ስሙም ከዶፒዬራና ከብራዘርስ የተገጣጠመ ነው)። ስለዚህ 1932 ላይ ሁለቱም ልክ ናቸው። በድምፅ ግን አንድ አይደሉም። ባለ አንድ ቆርቆሮው ናሽናል 9 ኢንች ተኩል የሆነ ወደ ላይ ያበጠ ሾጣጣ አለው፣ ጫፉ ላይ ቢስኪት የሚባል ክብ እንጨት ተቀምጦ ድልድዩን ይሸከማል፤ ጩኸቱ ደረቅና ፈጣን ነው። ዶብሮ 10 ኢንች ተኩል የሆነ እንደ ሳህን የጎደጎደ ቆርቆሮ አለው፣ ላዩ ላይ ስምንት እግር ያለው ሸረሪት የመሰለ ብረት፤ ድምፁ ረዘምና ለስለስ ይላል። ከቼሎ ጋር ለማጋባት ሁለተኛው ይቀላል።

ክር፦ ከ0.013 እስከ 0.056 ኢንች የሆነውን። ከዚያ የቀጠነ ክር ቱቦው ሲያርፍበት ፍሬቱን ይመታል። 12ኛው ፍሬት ላይ ከፍታው 2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከቱቦው በስተኋላ ያሉት ጣቶች ክሩን ነካ አድርገው ካላፈኑት ከኋላ ሌላ ድምፅ ያንጫርራል፤ ማይኩ ያንን ከሰው ጆሮ ይበልጥ ይሰማል።

ቢስኪት ጊታር ላይ ክር ስትቀይር ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትፍታ። ቆርቆሮውን በቦታው የያዘው የክሮቹ ጫና ነው፤ ከተፈቱ ቆርቆሮው ይንሸራተትና ዝዝ የሚል ጩኸት ይጀምራል። አንድ በአንድ ቀይር። ዝዝታው ከጀመረ የሽፋኑን ብሎኖች ይበልጥ ማጥበቅ አያድነውም፣ ያብሰዋል።

የሚክስ ጓዳ

ስለ ዘመን ስሕተት ከተነሣ የሚደጋገሙት እነዚህ ናቸው፦ በአምፕ የተነፋ ሃርሞኒካ (ያ የቺካጎ ድምፅ ነው፣ ከ1940ዎቹ ወዲህ)፣ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ሙሉ ድራም ሴት ለአንድ የበረንዳ ጊታር። ለምት እግርና የእንጨት ወለል ይበቃል። ሃርሞኒካ ከገባ በዲ ለሚጫወት ዘፈን የጂ ሃርሞኒካ ነው የሚያዘው፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ እየሳቡ፤ የዲውን ሃርሞኒካ ከያዘ በትንፋሽ ጎንበስ የሚደረጉት (የሚወርዱት) ኖታዎች ቦታቸውን ያጣሉ።

ከአሮጌ ሸክላ ላይ ናሙና ለመውሰድ ያሰበ ካለ፣ የ78 ዙር ሸክላ ሁሉ በ78 አልተቀረጸም። በ80 የተቀረጸን በ78 ብታዞር 44 ሴንት ያህል ይወርዳል። ኦርኬስትራህን ለሱ ብለህ አትቃኝ፣ ሸክላውን አስተካክል።

አቀዳዱን በተመለከተ፦ ሬዞኔተርን በቀጥታ ቆርቆሮው ፊት ማይክ ካቆምክበት ከ2 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ያለው ጆሮ ይበሳል፤ የሰው ንግግር ግልጽነትም እዚያው ስለሆነ ከዲያሎጉ ጋር ይጣላል። ሪበን ማይክ (ስለታም ድምፅ የሚያለሰልስ ዓይነት) አቁም፣ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ አይቶ። ተዋናዩ በጊታሩ ላይ የሚናገር ከሆነ ንግግሩ ባለበት ቦታ ብቻ 3 ኪሎ ኸርዝን 3 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርግ፣ ሲያበቃ መልሰው።

ክፍሉን በተመለከተ ለዚህ ፊልም አንድ ምርጫ ነው ያለው። ጊታሩ በታሪኩ ውስጥ ያለ ድምፅ ነው፣ ደረቅ ይሁን፣ መሐል ስፒከር ላይ ይቀመጥ። ስትሪንጉ ሰፊ አዳራሽ ይኑረው፣ በጎንና በኋላ ይምጣ። የቼሎዋ ሃርሞኒክ ግን መጀመሪያ ላይ እንደ ጊታሩ ደረቅ ሆና መሐል ላይ ትግባ፣ በ10 ሰከንድ ውስጥ አዳራሹ ቀስ ብሎ ይከፈትባት። ገና ከመጀመሪያው በሪቨርብ ከመጣች ሰው "ሙዚቃ ገባ" ይላል፣ ተንኮሉ ይበላሻል።

ባለዋሽንቱ

ሁሉንም በሳምፕል ሞከርኩት፣ ማይነሩ ክር ገና ነው። አንድ ነገር ቀረ፦ ቤዙ ዝቅተኛውን ዲ ሲይዝ እግሩና የጊታሩ ወፍራም ክር ይታፈናሉ። በትንሽ ስፒከር ደግሞ ቤዙ ጭራሽ የለም።

የሚክስ ጓዳ

የጊታሩ ወፍራም ክር 73.4 ኸርዝ ነው፣ እግሩም እዚያው አካባቢ ይመታል፣ የቼሎው ዝቅተኛ ዲም 73.4 ነው። ሦስት ሰው በአንድ በር። የቤዙ ዲ 36.7 ነው፣ ትንሽ ስፒከር አያወጣውም፤ የምትሰማው የ73.4ቱን ሃርሞኒክ ነው፣ እሱም ያው በር ላይ ቆሟል።

ቼሎዎቹን ከዚያ ዲ አንሣቸው፣ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ። ቤዙ በየምቱ መካከል፣ እግሩ ባረፈበት ክፍተት ብቻ ይግባ፤ በእግሩ ምት የሚቀሰቀስ ኮምፕረሰር (ድምፁን ለቅጽበት ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ) ብታስርበትም ይሠራል፣ 4 ዴሲቤል ይበቃዋል። ለትንሽ ስፒከር ደግሞ ደጋኑ ወደ ድልድዩ ተጠግቶ የተቀዳ የቤዙን ሁለተኛ ዙር በስሱ ጨምርበት፤ ከላይ ያለው ፍጭት ይሰማል፣ ታችኛውን ጆሮ ራሱ ይሞላዋል።

ሁለተኛ ቪዮላ

ለዚያ ዙር ቤዙ ደጋኑን በጣም በዝግታ ይሳብ፣ ሮዚን (የደጋን ሙጫ) በዛ አድርጎ ቀብቶ። ፍጥነቱን ከጨመረ ፍጭቱ ጠፍቶ ተራ ኖታ ይሆንብሃል።

ባለዋሽንቱ

ገባኝ። ተጫዋቹ ቅዳሜ ለማይነሩ ይመጣል፣ ውጤቱን እዚሁ እለጥፋለሁ።

ቆርቆሮ ጊታር

ክሩን ከኤፍ ሻርፕ ወደ ኤፍ ሲያወርድ መጀመሪያ ከኤፍ በታች አውርዶ ከሥር ወደ ላይ ይቃኘው። ከላይ ወደ ታች ከቃኘው ክሩ ፔጉ ላይ ልል ይሆንና በዘፈኑ መሐል ይወርድበታል።